የሰንደራ ወጌሻ እና ልበ ረመጥ

በሰንደራ መንግሥት የእስትንፋስ ምንጭ እንፋሎቱን ሳያወጣ የነጋበት ቀን አይታወቅም። ያን ዕለት ግን ፀሐይ ወጣች፣ ወፎች ተንጫጩ፣ ከምንጩ ላይ አንዲት የእንፋሎት ክር እንኳ አልተነሣችም። የምንጩ ወጌሻ ያምሪት እጇን ወደ ውሃው ሰደደች። ቀዝቅዟል። በደረቷ ተኝታ እስከ ብብቷ ድረስ አስገባችና የምንጩን ወለል ዳበሰች። ከጥንት ጀምሮ እንደ ፍም ሲግል የኖረው ልበ ረመጥ የተባለው ድንጋይ በቦታው የለም። ከምንጩ ዳር ተነሥቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቁራር ተራራ፣ አውድማ የሚያክል፣ በውርጭ የተጋገረ የእግር ዱካ ተዘርግቷል።

ያምሪት አባቷ ሞቶ የወጌሻነቱን ወንበር ከወረሰች ገና ሦስት ወሯ ነው። «ልጅ ናት፣ አትችለውም» የሚለው የቤተ መንግሥቱ ሹክሹክታ ከጆሮዋ አልወጣም።

ጭንቀቷ ከንቱ አልነበረም። በየዐሥራ ሁለት ዓመቱ ማይቀንድ የተባለው የውሃ ኮርማ ከሐመልታ ሐይቅ ተነሥቶ ከተማይቱን ሊደመስስ ይመጣል። የሚያቆመው የሰጎር በር ብቻ ነው። ያ በር ከሰማይ ከወደቀ ብረት የተሠራ ነውና መቀርቀሪያም ሆነ ድጋፍ አይቀበልም፤ ሰንሰለቱን ስበው ከመሬት ሥር የሚያወጡትና ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ አንጠልጥለው የሚይዙት አርባ ሰዎች ናቸው። አርባዎቹ ዘጠና ቀን ሙሉ ቋጥኝ ሲስቡ ከርመዋል። በየምሽቱ በፍል ውሃው ተነክረው፣ በያምሪት እጅ ታሽተው ነበር ለነገ የሚበቁት።

ንጉሥ አርማድ በችሎት ተቀምጦ ወሬውን ሲሰማ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ማይቀንድ ሊነሣ ስንት ቀን ቀረን?»

«ስድስት ቀን፣ ንጉሥ ሆይ» አለች ያምሪት።

«እንግዲያስ ልምምዱ ይቁም። ስድስት ቀን ተኝተው ይረፉ።»

ያምሪት ዝቅ ብላ እጅ ነሣች። ንጉሥን ማረም ቀላል አይደለም። «ንጉሥ ሆይ፣ ከባዱን ልምምድ የጨረሱት ትናንት ነው። የጡንቻ ሕመም የሚበረታው በማግስቱ ሳይሆን በሠልስቱ ነው። በዚያ ላይ የዘጠና ቀን ድካም ተጠራቅሟል። ዝም ብለው ከተኙ ሰውነታቸው እንደ ደረቀ ቆዳ ይተሳሰራል፤ በስድስተኛው ቀን እጃቸውን ከትከሻቸው በላይ አያነሡም።»

ከአርባዎቹ መካከል አንድ ሰው ወደ ፊት ወጣ። የሰንሰለቱ መሪ ጎራው ነበር፤ አንገቱ እንደ በሬ የወፈረ፣ ንግግሩ ግን ለስላሳ የሆነ ሰው። ሲራመድ ጭኑን እንዳመመው ያምሪት ወዲያው አየች።

«ሰንሰለቱ ይመስክርብኝ!» አለ ጎራው። «ድንጋዩን ይዘን ሳንመለስ የሰጎርን በር ባይ ክንዴ ይድረቅ። ከወጌሻዋ ጋር እኔ እሄዳለሁ።»

«ምንጩ ይመስክርብኝ» አለች ያምሪት።

ንጉሡ አንድ በቅሎና ፍም የሞላበት ወፍራም የሸክላ ድስት ሰጣቸው። ልበ ረመጥ ከፍም ወይም ከሕያው ሥጋ ከተለየ በኋላ በረዶ ሲነካው ይሞታልና። መንገድ መሪ ሆና እትዬ አስናቁ ተሰጠቻቸው፤ በቁራር ተራራ ላይ ጨው ስታመላልስ ያረጀች፣ ለማንም የማትጨነቅ ሴት ነበረች።

ሁለት ቀን ወጡ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የያምሪት ፍርሃት እውን ሆነ። ጎራው አንድ ድንጋይ ሊሻገር እግሩን አነሣና እዚያው ቀረ። ጭኑ ተኮማትሮ፣ ጥርሱን ነክሶ መሬት ላይ ተዘረጋ።

«ተዪኝ» አለ። «ትንሽ ልተኛ።»

«ብትተኛ አትነሣም» አለችው። ሕመሙ ያለበትን ቦታ ባውራ ጣቶቿ ፈልጋ፣ መጀመሪያ ለስለስ፣ ቀጥሎ በርታ አድርጋ ወደ ልቡ አቅጣጫ አሸችው። ከፍሙ ዳር የሞቁ ጠጠሮችን በጨርቅ ጠቅልላ ጭኑ ላይ አኖረች። ጨው የተበጠበጠበት ውሃ አጠጣችው። ከዚያ አስነሥታ እንደ ሕፃን እጁን ይዛ በዝግታ አራመደችው። ጎራው እየተነጫነጨ ሃምሳ እርምጃ ሄደ፤ በሃምሳ አንደኛው ንጭንጩን ተወ።

«ኧረ ይለቃል!» አለ ተገርሞ።

ያምሪት ግን አልሳቀችም። ሰማዩን እያየች የቀሩትን ቀኖች በልቧ ትቆጥር ነበር።

ከቀትር በኋላ ጫፍ ደረሱ። በጫፉ ላይ እትዬ አስናቁ ደበናይ ያለችው ግዙፍ ሰው ተቀምጧል። ጢሙ የበረዶ ዘንግ፣ ጀርባው ገደል ነው። ልበ ረመጥን በአንገቱና በትከሻው መካከል ወትፎ፣ ራሱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ዓይኑን ጨፍኗል። ሲተነፍስ ተራራው አብሮት ይነሣል።

«ሌቦች ናችሁ?» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ያምሪት «ሌባስ አንተ ነህ» ልትል አሰበችና ያዘመመ አንገቱን ስታይ የሙያዋ ዓይን አሸነፋት። «አንገትህን ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምህ?» አለችው።

ደበናይ ዓይኑን ከፈተ። «ሰማይ ተሰንጥቆ ሊወድቅ ሲል በዚህ ትከሻዬ ደግፌ መለስሁት። መቶ ዓመት ሆነው። አመሰግናለሁ ያለኝ የለም። ከዚያ ወዲህ አንገቴ አልዞረም። ስለ እናንተ ድንጋይ ሰምቼ ወሰድሁት። ይሞቃል፤ ግን አልዳንሁም።»

«ሙቀት ያላላል እንጂ ብቻውን አያድንም» አለች ያምሪት። «መቶ ዓመት አልተንቀሳቀስህም። ልሽህና አንገትህ ከዞረልህ ድንጋዩን ትሰጠኛለህ?»

«ተራራው ይመስክርብኝ» አለ ግዙፉ። «ካልዞረልኝ ግን አትወርጂም።»

ጎራው አንሥቶ በግዙፉ ትከሻ ላይ አወጣት። የደበናይ ጡንቻ እንደ ግንድ የተገመደ ነበር። በጣቶቿ፣ በመዳፏ፣ በእግሯ ተረከዝ ጭምር ረገጠችው። ላቧ በብርዱ እየረጋ ግንባሯ ላይ ጠጠረ። ምንም አልተለወጠም። «አባቴ ቢሆን ኖሮ» የሚል ሐሳብ ደጋግሞ ሲመጣባት ደጋግማ መለሰችው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከመዳፏ ሥር አንድ ቋጠሮ ሲፈታ ተሰማት።

«አሁን በቀስታ አዙረው። በቀስታ!»

ደበናይ አዞረ። ከመቶ ዓመት በኋላ የምሥራቁን ሸለቆ አየ፤ እንባውም እንደ ፏፏቴ ወረደ። ደስታው ግን ትከሻውን አናወጠው፤ የመቶ ዓመት በረዶ ተንዶ ወደ ታች ተምዘገዘገ። እትዬ አስናቁ በጭንቅ ዘላ አመለጠች። በቅሎይቱና የፍሙ ድስት ከነመንገዱ ተጠርገው ሄዱ።

ግዙፉ አዝኖ ድንጋዩን ዘረጋላቸው። ቃሉን ጠበቀ፤ የሚይዙበት ግን የላቸውም። ጎራው ጋቢውን አውልቆ ጠቀለለው፤ ጋቢው ወዲያው ነደደ። ድንጋዩ ጨርቅን ያነዳል፣ ሥጋን ግን ቀስ እያለ ነው የሚጠብሰው።

«በገደሉ በኩል ሌላ መንገድ አለ» አለች እትዬ አስናቁ። «ሁለት ቀን ይፈጃል። ሁለቱንም ቀን በረዶ ነው።»

ጎራው መዳፎቹን ዘረጋ። «ስጪኝ። ቆዳዬ ወፍራም ነው።»

ያምሪት አልሰጠችውም። «ከሦስት ቀን በኋላ ሰንሰለቱን የምትመራው በእነዚህ እጆች ነው።»

«ያንቺስ? አርባ ሰው የሚጠብቀው ያንቺን እጅ አይደለም?»

«የእኔን ሥራ ውሃው ይሠራልኛል። ያንተን የሚሠራልህ የለም።» ድንጋዩን በሁለት መዳፏ አቀፈችው። መጀመሪያ ሞቃት ብቻ ነበር።

በዚያ መንገድ ላይ ስለ ሆነው ነገር ያምሪት በኋላም ብዙ አልተናገረችም። እትዬ አስናቁ እንደ ተናገረችው፣ በመጀመሪያው ቀን አለቀሰች፣ በሁለተኛው ቀን አላለቀሰችም፤ የሚያስፈራውም ሁለተኛው ቀን ነበር። ጎራው ደግፏት ሲሄድ አሥር ጊዜ ለመናት፤ አሥር ጊዜ ራሷን ነቀነቀች።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ሰንደራ ደረሱ። ሠላሳ ዘጠኙ ሰዎች በምንጩ ዳር ተኮራምተው ተቀምጠዋል፤ ጽዋ ወደ አፋቸው ለማንሣት እንኳ ይቸገራሉ። ድንጋዩ ከጠቆሩት መዳፎቿ ተላቅቆ ወደ ውሃው ወደቀ። ምንጩ ተንፈቀፈቀ፣ እንፋሎቱ ወደ ሰማይ ተነሣ። ያምሪት እጆቿ በማርና በጨርቅ ተጠቅልለው በምንጩ ዙሪያ እየዞረች ጮኸች፦ «ጥንድ ጥንድ ሁኑ! ከታች ወደ ላይ እሸው! አጥንቱን አትንካ፣ ሥጋውን! አንተ፣ አትተኛ፣ ውጣና ተራመድ!»

ሲነጋ ሐይቁ ፈላ። ማይቀንድ ቀንዱን አቅንቶ መጣ። አርባዎቹ ሰንሰለቱን ሳቡ፤ በሩም ተነሣ። ቀትር ላይ ጭኖቻቸው ይንቀጠቀጡ ጀመር፤ የሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ወደ ኋላ ተንሸራተተና ውሃ በበሩ አናት ላይ ፈሰሰ። ጎራው «ያዝ!» ብሎ አገሣ። ያዙ። ፀሐይ ስትጠልቅ የአውሬው ቀንድ በብረቱ ላይ ተሰበረ፤ ወደ ጥልቁም ተመለሰ። ከተማው በእልልታ ተናወጠ፤ ንጉሡም ወርዶ በያምሪት ፊት ዘውዱን አወለቀ።

ጣቶቿ ግን ዳግም አልታጠፉም። ሐኪሞቹ ሁሉ «አይድኑም» ሲሉ በአንድ ቃል ተናገሩ።

በሠልስቱ ጎራው ደረጃውን እያነከሰ ወርዶ ከምንጩ ዳር መጣ። ያምሪት ከልማድ እጆቿን ዘረጋችና በጨርቅ የተጠቀለሉትን አየቻቸው።

«ጀርባህን ስጠኝ» አለች።

«ያምሪት፣ ተይ...»

«ስጠኝ አልሁህ እኮ።»

ጎራው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ያምሪት ክርኗን ከትከሻው ሥር አሳረፈችና ክብደቷን ለቀቀችበት።

«እዚህ ጋ ነው?»

«ትንሽ ዝቅ በይ» አለ።