የምራትየዋ ሳህን

ሐጂ ሲብጣይን ቁርሳቸውን ሳይጨርሱ ሳህናቸው ላይ ተደፍተው ሞቱ። ፓራታውን፣ በቅባት የሚጠበሰውን ቂጣ፣ ያዘጋጀችው ምራታቸው ኑዝሃት ነበረችና ሰፈሩ ሁሉ ጣቱን እሷ ላይ ቀሰረ። ላሆር ውስጥ ሰው በልቶ ከሞተ መጀመሪያ የምትያዘው ምራት ናት፤ ምን ይደረግ!

ኢንስፔክተር ዘርቃ ስትደርስ ኑዝሃት ማድቤት ጥግ ተኮራምታ ተቀምጣ ነበር።

«ወላሂ እኔ አይደለሁም! ይሰቅሉኛል፣ አይደል?»

«መጀመሪያ ውሃ ጠጪ። ጠዋት እዚህ ማን ነበር?»

«አባባና እህታቸው፣ አክስት ቡሽራ። ባሌ ዋጂድ ገና ሳይነጋ ሱቅ ሄዷል። ቁርስ ላይ ሚስባህ መጣች።»

ሚስባህ የአገሩ ሕዝብ ምን ያህል የሚረጋ ዘይት እንደሚበላ ለሚያጠኑ ሰዎች ቤት ለቤት የምትዞር ልጅ ናት። ኑዝሃት ከምትበላው ሳህን ላይ ቆርሳ፣ በብልቃጥ ለላቦራቶሪ ትወስዳለች።

ዘርቃ መደርደሪያውን አየች። አንድ የሸክላ ማሰሮ ቅቤ፣ አንድ ቆርቆሮ የሚረጋ ዘይት።

«ቅቤው የማን ነው?»

«የወንዶቹ ነዋ!» አሉ አክስት ቡሽራ። «እኔማ በዚህ ጥርሴ ሻይና ብስኩቴን ካገኘሁ ምን ጎደለኝ!»

«ቆርቆሮውስ?»

አሮጊቷ ፊታቸውን አዞሩ። ኑዝሃትም አቀረቀረች።

የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«መርዙ የተገኘው ቆርቆሮው ውስጥ ነው፤ ቅቤው ንጹህ ነው። ሐጂን ሊገድል የፈለገ ሰው ቅቤያቸውን ትቶ ዘይቱን ለምን ይመርዛል?»

ዘርቃ ወደ አሮጊቷ ዞረች።

«ደግሞ ሚስባህ ከኑዝሃት ሳህን በወሰደችው ፓራታ ላይ የሚረጋ ዘይት የሚባል ነገር የለም፤ ጥርት ያለ የላም ቅቤ ነው። የሐጂ ሳህን ግን በዚያው ዘይት ርሷል። ሳህኑን ማን ለዋወጠው፣ አክስት ቡሽራ?»

አሮጊቷ አልቻሉም፤ ፈነዱ። «እሱ ራሱ! ሚስባህ በሩን ስታንኳኳ ‹ሲብጣይን ምራቱን የቆርቆሮ ዘይት ያበላል ሊባል ነው!› ብሎ የሷን ሳህን ወደ ራሱ ስቦ የራሱን ለሷ ሰጣት። ገና አፈሩ ሳይደርቅ እንዴት ላዋርደው፣ ልጄ?»

«እኔም የበሉት የኔን ነው ብል፣ ሆን ብላ ሰጠቻቸው እንዳልባል ፈርቼ...» ኑዝሃት ንግግሯን አልጨረሰችም። ፊቷ አመድ መሰለ። «የኔን... የኔን ሳህን ነው የበሉት።»

«አዎ። መርዙ ላንቺ ነበር» አለች ዘርቃ። «የራስሽን ቁርስ አትመርዢም። አክስት ቡሽራም ቢያውቁ ኖሮ ወንድማቸው ሲጎርስ ቁጭ ብለው አያዩም። ሳህኑ ሲለወጥ ያላየው የቤቱ ሰው አንድ ብቻ ነው።»

ዋጂድ ዘሎ ተነሳ። «እኔ እኮ ቤትም አልነበርኩም!»

«እሱ ነዋ ያጋለጠህ! ጎረቤት ‹ቤትህ ሰው ሞቷል› ብቻ ብሎ ጠራህ። አንተ ግን ‹ወይኔ ኑዝሃትን! ኑዝሃትን!› እያልክ ገባህ። የልብ በሽተኛ አባት እያለህ!»

«ብጠላት አልፈታትም ነበር?»

«አትችልማ! ልጅ በልጅ ነው የተጋባችሁት፤ እህትህ ሸጉፍታ የኑዝሃት ወንድም ሚስት ናት። አንተ ኑዝሃትን ብትፈታ እሱም እህትህን ይፈታል። ያቺ የወደድካት ሴት ደግሞ ሁለተኛ ሚስት አልሆንም እንዳለችህ ራሷ ነግራኛለች። ሚስትህ ከሞተች ግን ማንም ማንንም አይፈታም።»

ዋጂድ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። «አባባ እኮ ያን ዘይት ቀምሰውት አያውቁም» አለ።

ካቴና አጥልቀው ሲወስዱት አክስት ቡሽራ ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ። ኑዝሃት ግን የዘርቃን እጅጌ ጨምድዳ ያዘች።

«ስልክ ይስጡኝ! ቶሎ!»

«ከእንግዲህ ማን ይነካሻል? ምን ያስፈራሻል?»

«ወንድሜ ነዋ! ባሌ ሊገድለኝ እንደነበር ሲሰማ ንዴቱ ማን ላይ የሚወጣ ይመስልዎታል?»

ስልኩን ተቀብላ ደወለች።

«ሸጉፍታ፣ እኔ ነኝ። ምንም አትጠይቂኝ። ባልሽ ሳይመጣ ልጅሽን ያዢና አሁኑኑ ከቤት ውጪ።»