ጨፌው ላይ የሚሳሳቁት

የጋኔን፣ የጥላ ወጊ ወሬ ሲነሳ ሳቄን መቆጣጠር የማልችል ሰው ነኝ፣ የሚያውቁኝ ይመሰክሩልኛል፣ ደብረ ማርቆስ ልጅ ሆኜ እናቴ “በቀትር ወንዝ አትውረድ” ስትለኝ ሆን ብዬ በቀትር የምወርድ ነበርኩ፣ ነቀምቴ ተመድቤ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ። ስለዚህ ወዳጄ፣ የምነግርህን ሰምተህ “ይሄ ሰውዬ ምን ነካው” እንዳትል አደራ።

ነገሩ የሆነው መስከረም ላይ ነው። ባለቤቴ ለሊሴ ነርስ ናት፣ የነቀምቴ ልጅ፣ ጊምቢ የተሻለ ሥራ አገኘችና “እሄዳለሁ” አለች፣ እኔ ደግሞ “አትሂጂ” አልኩ፣ ስንነታረክ ከርመን መጨረሻ ላይ ተኮራረፍን፣ ኩርፊያ ደግሞ ከጭቅጭቅ ይብሳል፣ እመነኝ። ይሄኔ አንድ ባልደረባዬ፣ “ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ጉቶ ጊዳ ውስጥ፣ ኦቦ ቶለራ የሚባሉ ሽማግሌ ለባልና ሚስት የሚያከራዩት ቤት አለ፣ ሂዱና ተነጋገሩ” አለኝ። ውሻችንን ቦራን የምንተውለት ሰው ስላልነበረን ደውዬ ጠየቅኋቸው። “ውሻ ያለው ሰው እወዳለሁ፣ ይዛችሁት ኑ” አሉኝ። ባጃጅ ነጂው ውሻ አልጭንም ብሎ ነበር፣ ለሊሴ በኦሮምኛ ምን እንዳለችው እንጃ፣ ስቆ ጫነን።

ቤቷ ቆርቆሮ ክዳን፣ ኖራ የተቀባች፣ ትንሽ በረንዳ ያላት ናት፣ ፊት ለፊቷ ጨፌ ነው፣ ዛፍ የማይታይበት፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ሣር የበቀለበት ረግረግ፣ ከጨፌው ማዶ ጉብታው ላይ ደግሞ የኦቦ ቶለራ ቤት፣ ሌላ ጎረቤት የሚባል የለም።

ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ዋለና አመሻሽ ላይ አባርቶ ጭጋግ ወረደ። ቦራ በረንዳው ላይ ተኝቷል፣ በሩ ገርበብ ብሏል፣ እኛ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠናል።

“አንድ ቀን እንኳን ‘አብሬሽ ልሂድ’ ብለህ አታውቅም” አለችኝ ለሊሴ፣ “ሁልጊዜ ‘አትሂጂ’ ብቻ ነው።”

ይሄኔ ከውጭ ሳቅ ሰማሁ። የወንድና የሴት ሳቅ፣ ከሩቅ፣ ከጨፌው ውስጥ፣ የሚያስፈራ እንዳይመስልህ፣ ደስ የሚል ሳቅ ነው፣ ተያይዘው የሚሄዱ ሰዎች ሳቅ። መንገደኛ ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ሴቲቱ ተጣራች።

“ቦራ! ኮቱ!”

ኮቱ በኦሮምኛ ና ማለት ነው፣ ለሊሴ ቦራን የምትጠራው እንደዚያ ነው፣ ድምፁም የለሊሴ ነው። ለሊሴ ደግሞ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፣ ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም። ወዲያው ፉጨት ተከተለ፣ ይሄኔ እሷ አፍጥጣ አየችኝ፣ እኔ የማፏጨው ፉጨት ነዋ፣ መጨረሻው ላይ ስብር የሚለው።

ቦራ ተነስቶ ተንጠራራ፣ ጭራውን እየቆላ ከበረንዳው ወረደ፣ ጭጋጉ ዋጠው።

በሩ ላይ ቆምን። “ጥራው” አለችኝ በሹክሹክታ። “አንቺ ጥሪው” አልኳት። ሁለታችንም አልጠራነውም። እውነቱን ልንገርህ፣ ውሻው አይመጣም ብዬ አይደለም የፈራሁት፣ በራሴ ድምፅ ሌላ ሰው “አቤት” ይለኛል ብዬ ነው። ለሊሴ እጄን ያዘችኝ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ እንደዚያው ተያይዘን ደፉ ላይ ተቀመጥን።

ጨለማው ሲበረታ ቦራ መጣ፣ ዝግ ብሎ፣ ሲጫወት እንደዋለ ውሻ እያለከለከ። ሆዱን ዳሰስኩት፣ እግሩን ዳሰስኩት፣ ያን ሁሉ ዝናብ የጠጣ ሣር ውስጥ ገብቶ የወጣ ውሻ፣ ባምላክ እምልልሃለሁ፣ ደረቅ ነበር።

ጠዋት ኦቦ ቶለራ ወተት ይዘውልን መጡ። “አካም ቡልተን?” አሉን፣ እንዴት አደራችሁ ማለታቸው ነው፣ ፊታቸው ፈክቷል። “ባርሲሳ” አሉኝ ቀጥለው፣ መምህር ማለት ነው፣ “ትናንት አመሻሽ ላይ ጭጋጉ ገለጥ ሲል እናንተንና ውሻችሁን ጨፌው ላይ ሳያችሁ እንዴት ደስ አለኝ! እንደዚያ የሚሳሳቁ ባልና ሚስት ካየሁ ቆየሁ። ብጣራ ግን አልሰማችሁኝም። ለወደፊቱ ቦቲ ሳታደርጉ እንዳትገቡ፣ ያሰምጣል።”

“ኦቦ፣ እኛ እኮ ከቤት አልወጣንም” አለች ለሊሴ።

“ምናልባት ሌላ እንግዳ ይኖር ይሆን?” አልኩ እኔ።

“እንግዳ እናንተ ብቻ ናችሁ” አሉ ኦቦ ቶለራ። ጨፌውን አዩ፣ ቦራን አዩ፣ ወተቱን ለለሊሴ አቀበሏት። “ሳይበርድ ጠጡ፣ ኢጆሌ”፣ ልጆች ማለታቸው ነው፣ ብለው በመጡበት መንገድ ተመለሱ።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ “አብሬሽ እሄዳለሁ” አልኳት። አሁን ጊምቢ ነን፣ ዝውውር አግኝቼ እዚያው አስተምራለሁ፣ ኑሯችን ደህና ነው፣ እንዲያውም ከድሮው ይሻላል። አንድ ነገር ብቻ አለ። አንዳንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ እኔና ለሊሴ ራት እየበላን፣ ቦራ ድንገት ተነስቶ ወደ በሩ ይሄዳል፣ አይጮህም፣ የቤት ሰው ከሥራ ሲመጣ እንደሚያደርገው ጭራውን እየቆላ ያለቃቅሳል። ትናንትም እንደዚያው ሆነ።

“ቦራ፣ ሁላችንም ቤት ነን እኮ” አለችው ለሊሴ።

ዞሮ አየን፣ አተኩሮ፣ እንግዳ እንደሚያይ ሆኖ። ከዚያ ፊቱን ወደ በሩ መለሰ።