መብራት የሌለው ማንበቢያ

ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ ሰው ከስሜ ቀድሞ ክፍሌን ነው የሚጠይቀኝ። መድኃኒት ግን አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። ስለ እሷ ለመጻፍ ስቀመጥ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ይኸው ነው።

ሱቄ ካዛንቺስ ነበረች፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት የቆርቆሮ ሱቅ። ዛሬ ቦታው ላይ መስታወት የለበሰ ሕንፃ ቆሟል፤ ጥበቃው ጠጋ ብዬ እንዳይ እንኳ አይፈቅድልኝም። ያኔ ሞባይል እጠግናለሁ፣ ዘፈንና ፊልም በፍላሽ እጭናለሁ፣ ያገለገለ ዕቃ እሸጣለሁ። ሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት ገና እንደገባ፣ አንድ ከሰዓት፣ መድኃኒት ጃንጥላዋን እያራገፈች ገባች።

«ማንበቢያ አለህ? ማለቴ... መጽሐፍ የሚነበብበት፣ እንደ ስልክ የሆነ።»

«ለራስሽ ነው?»

«ለአባዬ። ስልኬ ላይ ሲያነብ ዓይኑ ያለቅሳል።»

አባቷ ጋሽ ኃይለገብርኤል ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማተሚያ ቤት አራሚ ነበሩ፤ የሰው ስህተት ሲለቅሙ ኖረው ዓይናቸው ደከመ። ጡረታ ሲወጡ ደግሞ የሚወዷቸው ጋዜጦች አንድ በአንድ ተዘጉና ጸሐፊዎቹ ኢንተርኔት ውስጥ ገቡ። ሐኪም፣ ፊደሉ ትልቅ ይሁን፣ ደማቅ ብርሃን ግን ይቅርብዎ ብሏቸዋል።

ሁለት ዕቃ ነበረኝ። ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። አንዱ ባለቀለም ታብሌት፣ ሌላው ግራጫ፣ ቀጭን፣ የራሱ መብራት የሌለው ማንበቢያ።

«የቱ ይሻላል?»

«እኔ ልንገርሽ ወይስ ራስሽ ታያለሽ?»

«ነጋዴ አይደለህ? ውዱን ነው የምትነግረኝ።»

«ነይ እስቲ፣ ደጅ እንውጣ።»

ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር። መጀመሪያ ታብሌቱን ሰጠኋት። ጎንበስ ብላ አየችና ሳቀች። መስታወቱ ላይ የሚታየው የእሷ ፊት ነው፤ ከትከሻዋ በላይ ደግሞ የእኔ።

«ይሄ እኛን ነው የሚያሳየው፤ ጽሑፉ የታለ?»

ማንበቢያውን ስሰጣት ወዲያው ማንበብ ጀመረች። ፀሐይዋ በጠነከረች ቁጥር ፊደሉ ይጠራል፣ ልክ እንደ ወረቀት። እሷ ታነባለች፣ እኔ አንገቷ ላይ የቀረችውን የዝናብ ጠብታ አያለሁ።

«ይሄ ነው!» አለች።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ስሚኝ። ታብሌቱ ኢንተርኔት በደንብ ይከፍታል፣ አማርኛም ያወጣል። ግን አምፖል አፍጥጠሽ እንደማየት ነው፤ ባትሪውም አመሻሽ ላይ ያልቃል። ይሄኛው አንዴ ከተሞላ ሳምንታት ይቆያል፣ ዓይን አይጎዳም። ኢንተርኔት ላይ አማርኛ ስትከፍቺበት ግን በፊደሉ ፋንታ ሳጥን ሳጥን ብቻ ነው የሚያመጣው።»

«ታዲያ ለአባዬ ምን ይረባዋል?»

«ጽሑፎቹን እኔ ኮምፒውተር ላይ አውርጄ፣ ፊደሉን አሳድጌ፣ ገጽ በገጽ አድርጌ እጭንልሻለሁ። እንደ ዘፈን በይው።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

ይህን ስል ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። ታብሌቱ የበለጠ ያተርፈኝ ነበር። የሸጥኩላት ግን ግራጫውን ነው።

ከዚያ ወዲያ ስታዲየም አካባቢ ካለው መሥሪያ ቤቷ ስትወጣ በእኔ በኩል ማለፍ ልማዷ ሆነ። እኔም ከሰዓቱን ጽሑፍ ስለቅም እውላለሁ። ማንበቢያውን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አያይዤ እስኪጭን፣ ዱካው ላይ ተቀምጣ የአባቷን መልእክት ትነግረኛለች። ጋሽ ኃይለገብርኤል ጽሑፎቹን የምተይባቸው እኔ እመስላቸው ነበር።

«አባዬ ተናዷል። ‹ያ ልጅ ትናንት አራተኛው ገጽ ላይ ነጥብ ዘነጋ› ብሏል።»

«ኧረ እኔ አልጻፍኩትም! አትነግሪያቸውም እንዴ?»

«ነገርኩት። ‹ቢሆንም ሳያይ መላክ አልነበረበትም› አለኝ።»

ሳቅን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን እያንዳንዱን ገጽ ሳላነብ ጭኜ አላውቅም። አስተማሪዎቼ ሁሉ ያላስነበቡኝን እኚህ አንድም ቀን ያላየኋቸው ሰውዬ አስነበቡኝ።

ጭነቱ እኮ ወዲያው ነው የሚያልቀው። እሷ ግን ትቆያለች።

«አልጨረሰም?» ትለኛለች።

«አልጨረሰም» እላታለሁ።

ገመዱን ነቅዬ፣ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። ሁለታችንም እያየነው ነው።

ጥር ሲቃረብ አንድ ምሽት ጨክኜ አወራኋት።

«መድኃኒት፣ አባትሽ ጋ ሽማግሌ ብልክ...»

«ብትልክ ምን?»

«አያባርሯቸውም?»

«ነጥብ ካልዘነጉ አያባርራቸውም» አለችና እጄን ያዘች።

በእኛ ወግ ሽማግሌ ሲሄድ ላኪው አብሮ አይገባም። አጎቴ አቶ ደጋጋና የዕድራችን ዳኛ አቶ ሸዋአየሁ አንድ እሁድ ነጠላቸውን አጣፍተው ቂርቆስ፣ እነ መድኃኒት ቤት ሄዱ። እኔ ከቤታቸው ዝቅ ብሎ ካለው ካፌ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ያዘዝኩት ማኪያቶ ሳልነካው ቀዘቀዘ። ውስጥ የሆነውን የሰማሁት ሲመለሱ ነው።

ጋሽ ኃይለገብርኤል በደህና ነው የተቀበሏቸው። ነገሩን ያበላሸው ቴዎ ነው። ቴዎ የመድኃኒት የአክስት ልጅ ነው፣ ኢንጂነር፤ ቤተሰቡ እሱን ሳያማክር ወንበር እንኳ አይገዛም። ያን ቀን ከዱባይ የመጣ አዲስ ታብሌት ለአባቷ ስጦታ ይዞ መጥቷል። የእኔ ሥራ ምን እንደሆነ ሲነገር ሰምቶ፣ ታብሌቱን ሽማግሌዎቹ ፊት ካለው ጠረጴዛ ላይ፣ ከማንበቢያዬ አጠገብ አስቀመጠው።

«አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ይሄ በራሱ ኢንተርኔት ይገባል። አማርኛ ያነባል። ቀለም አለው፣ ድምፅ አለው። ልጃችሁ የሸጠላት ከእነዚህ የቱን ያደርጋል?»

ሽማግሌዎቹ ምን ያውቃሉ! አቶ ሸዋአየሁ ዕድሜ ልካቸውን የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔን ያወደሱ መስሏቸው ደረታቸውን ነፉ።

«ልጃችን ምን ቸገረው! እሱ ራሱ በየቀኑ ይጭንላታል። አንድም ቀን አጓድሎባት አያውቅም!»

«ይኸው!» አለ ቴዎ። «እንድትመላለስለት ነዋ፣ በራሱ የማይሠራውን የሸጠላት። ለመሆኑ ስንተኛ ክፍል ነው?»

ስለ ፀሐይዋ፣ ስለ ብርሃኑ፣ ደጅ ቆመን ሁለቱንም ስለማየታችን መናገር የሚችለው ሰው ታች ካፌ ውስጥ የቀዘቀዘ ማኪያቶ ላይ አፍጥጧል። መድኃኒትም እንደ ወጉ ጓዳ ናት፤ እዚያ ሆና መናገር አትችልም።

በመጨረሻ ጋሽ ኃይለገብርኤል እንዲህ አሉ፦ «ለዓይኔስ ተስማምቶኛል፤ ይህን አልክድም። ግን ልጄን በዘዴ የሚያመላልስ ሰው ከሆነ ማወቅ አለብኝ። በሚመጣው እሁድ የልጁን ቃል ይዛችሁ ተመለሱ።»

በማግስቱ መድኃኒት መጣች። ዱካው ላይ አልተቀመጠችም።

«ሊካሳ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትቆጣ። እንድመላለስልህ ብለህ ነው?»

የፈታሁትን ስልክ ብሎን ማጥበቄን ቀጠልኩ።

«ቢሆንም እኮ አልቀየምህም። ብቻ ለአባዬ የምለው አንድ ቃል ስጠኝ።»

ልጅ ሆኜ አንድ አስተማሪ፣ ያልወሰድኩት ጠመኔ ጠፍቶበት፣ በሰልፍ ፊት «አንተ ነህ አይደል?» ያለኝ መጣብኝ። ያኔም የፈለገው አንድ ቃል ነበር። ደጅ ያወጣኋት እኔ፣ ሁለቱንም በእጇ ይዛ ያየችው እሷ፣ ያየችውን ትታ ቴዎ ያላትን ይዛ መጥታ ትጠይቀኛለች።

«ኢንጂነሩን ጠይቂው» አልኳት።

«አንተን ነው የጠየቅኩት።»

«ስምንተኛ ክፍል ምን ያውቃል? ሂጂ፣ ኢንጂነሩን ጠይቂው።»

«እኔ ክፍልህን መቼ ጠየቅኩህ?» አለች፣ ቀስ ብላ። ማንበቢያውን ከቦርሳዋ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አኖረችና ጠበቀች። እጄን አልዘረጋሁም። ገመዱ እዚያው እንደተጠቀለለ ነው። ጥቂት ቆየችና ማንበቢያውን ወደ ቦርሳዋ መልሳ ወጣች።

ቅዳሜ ዕለት አቶ ሸዋአየሁ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ሱቅ ድረስ መጡ።

«ነገ እንሄዳለን። ሽማግሌ አንዴ ሄዶ አይቀርም፤ እየተመላለሰ ነው የሚያስታርቀው። ምን ብለን እንደምንመልስ አስጠናን።»

«አይሂዱ።»

«ምን አልክ?»

«አይሂዱ። ከፈለገችኝ መንገዱን ታውቀዋለች። ራሷ ትምጣ።»

«አንተ ልጅ፣ ሰውዬው በራቸውን ከፍተውልሃል እኮ።»

«በቃ፣ ጋሼ። ሁለተኛ ጊዜ ሄዶ ‹ስንተኛ ክፍል ነው?› የሚያስብልብኝ ሽማግሌ የለኝም።»

ከዘራቸውን አንስተው ወጡ።

እሁድ ሱቅ ከፍቼ አላውቅም። ያን እሁድ ግን ማልጄ ከፈትኩ። ጠረግኩ፣ ዱካውን ወለወልኩ፣ የሳምንቱን ጽሑፎች በሙሉ አዘጋጀሁ። ደጅ በተሰማ ኮቴ ሁሉ ቀና እላለሁ። አልመጣችም። ሰኞም አልመጣችም። ከዚያ «ሁሉም ያው ናቸው» ብዬ ልቤን ዘጋሁት። የዘጋሁትን ነገር ደግሞ እኔ ቶሎ አልከፍትም።

ዓመታት አለፉ። ሱቄ ፈረሰች። የእነሱም ሰፈር ተነሳና ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ገቡ አሉ። መድኃኒት የባንክ ሠራተኛ አገባች ሲሉ ሰማሁ፤ የተማረ መሆኑን ሳልጠይቅ ነገሩኝ። አንድ ጠዋት አቶ ሸዋአየሁ ደወሉልኝ። ጋሽ ኃይለገብርኤል አርፈዋል።

ሄድኩ። ድንኳኑ ሕንፃዎቹ መሃል ተተክሏል። ጥግ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጥኩ። መድኃኒት ጥቁር ለብሳ በለቀስተኛው መሃል ስትመላለስ አየችኝና መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከስታለች።

«እግዜር ያጥናሽ።»

«አሜን።»

«ዓይናቸው እንዴት ሆነ?» አልኳት።

«አባዬ ያንተ ማንበቢያ ላይ የሚጭንለት ሲያጣ ታብሌቱን ሞከረ። አልቻለም፣ እንባው እየወረደ ይተወዋል። እኔ ላንብብልህ ስለው ደግሞ ‹ስታነቢልኝ ነጥቦቹ አይታዩኝም› ይለኛል። ከዚያ በቃ፣ ማንበብ ተወ።»

ቴዎ ተሳስቶ ነበር ማለት ነው። ደስ ይለኛል ብዬ ስንት ዓመት የጠበቅኩት ወሬ ነው። ምንም አልተሰማኝም።

«ያን እሁድ ጠብቄሽ ነበር» አልኳት። «ሱቅ ከፍቼ፣ እስኪመሽ።»

ዞር ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ ስም ላወጣለት አልቻልኩም።

«እኛስ? አባዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ሱፉን እንደለበሰ በሩ ፊት ለፊት ተቀምጦ ዋለ። ምሳ ሳቀርብለት ‹እንግዶቹ ሳይመጡ?› ብሎ መለሰው። ለቴዎ ደውሎ እንዳትመጣ ብሎታል። እሺ ሊላቸው ነበር እኮ፣ ሊካሳ። ሲመሽ ሱፉን አወለቀና ‹ልጁ ትቶሻል› አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አልመጣሽም? አንድ ታክሲ ብቻ አይደል እንዴ መንገዱ?»

«ሽማግሌ የሚጠበቅባት ልጅ ከቤት ትወጣለች?»

ከድንኳኑ በር አንድ ሰው «መዲ» ብሎ ተጣራ። ባሏ ነው፤ ትንሽ ልጅ አቅፏል። ተነሳች፣ ነጠላዋን አስተካከለችና ሄደች። የለቀቀችው ቦታ ላይ ሌላ ለቀስተኛ መጥቶ ተቀመጠ።

«ወንድሜ፣ እስቲ ጠጋ በልልኝ» አለኝ።

ጠጋ አልኩለት።