ያልተወቀረ ወፍጮ

እስቲ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ፤ የዘይቱናን ነገር ላውጋችሁ።

ጣሊያን ደሴን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ነው። ኮምቦልቻ የሰፈረው ጦር ቢስቲማ ዘምቶ አገር ሊያቃጥል ተሰናድቷል፤ የጎደለው ስንቅ ብቻ ነው። ስንዴው ቦርከና ወንዝ ዳር ባለው መንደር ለየቤቱ ታደለና ሴቶቹ ፈጭተው እንዲያስረክቡ ታዘዙ።

ዘይቱና ከጎረቤቷ ከሐዋ ጋር ውሃ ስትቀዳ፣ "ወፍጮዬ ለስልሶ እህሉን ያንከባልለዋል እንጂ አይፈጭልኝም" አለቻት። ሐዋ እንስራዋን አስቀምጣ አሰበች። ወፍጮ በየጊዜው ተወቅሮ ፊቱ ካልሻከረ መቼ ዱቄት ይወጣዋል? በማግስቱ የመንደሩን ሴቶች ሰብስባ፣ "ጠመንጃ የለንም፤ ወፍጮውን የሚወቅረው ግን የኛው እጅ ነው። አንወቅር! እኛም ንፍሮ እንብላ" አለች። ሁሉም በአላህም በማርያምም ማሉ።

"ወፍጯችን አልፈጭ አለ" እያሉ ስንዴውን መለሱ፤ ስድስት ቀን ሙሉ ጦሩ ዱቄት አጥቶ ቆመ።

የዘይቱና ባል ጀላል ንፍሮውን እየቃመ፣ "ወይ ሐዋ! ወንድ ብትሆን ደጃዝማች ነበረች" አለ።

"መድፍ ያለውን በወፍጮ ልትመልሰው ነው?" አለች ዘይቱና።

"ይኸው ቆሞ የለም እንዴ! ምነው ከፋሽ?"

"ምን ይከፋኛል ወላሂ!" ሆዷ ግን "ነገሩን ያመጣሁት እኔ፣ የምትወደሰው እሷ" እያለ ይፋጅ ነበር።

ጧት መውቀሪያዋን አንስታ ወፍጮዋን ወቀረች። ሐዋን ለማሳነስ እንጂ ለማስገረፍ አላሰበችም። የላመ ዱቄት ፈጭታ ለጦር ሰፈሩ አስረከበች። የጦሩ ሹም ዱቄቱን በመዳፉ ይዞ ሴቶቹን አሰለፈ።

"የአንዷ ከፈጨ የሌሎቻችሁ ምን ነካው? ማን ከለከላችሁ?" አለ አስተርጓሚው።

"እኔ ነኝ" አለች ሐዋ። በጅራፍ ገረፏት። ስለ ዘይቱና አንድ ቃል አልወጣትም።

ዘይቱና ቤቷ ሮጠች። የወፍጮውን መጅ፣ ያን የላይኛውን ድንጋይ፣ ተሸክማ ሁሉ እያያት ቦርከና ወንዝ ወረወረችው። ሴቶቹም አንድ በአንድ የየራሳቸውን ወረወሩ። ጅራፉ ለሁሉም ደረሰ፤ ዱቄት ከሩቅ እስኪመጣ ግን ሌላ ሳምንት አለፈ። በዚያ መሃል የቢስቲማ ሰው ወሬውን ሰምቶ ሸሽቷልና፣ ጦሩ ሲደርስ ያገኘው ባዶ ጎጆ ነው። ጎጆው ነደደ፤ ሰዉ ተረፈ።

ዘይቱና የሐዋን ጀርባ ቅቤ እየቀባች፣ "ቀናሁብሽ እቴ" ብላ አለቀሰች።

"ነገሩ ካንቺ ቃል መነሳቱን ለሴቶቹ ሳልናገርልሽ የቀረሁት እኔስ?" አለች ሐዋ። "ቀስ አርጊ ብቻ፣ ያማል።"

ባዶ እጅ መድፍን ይችላል ወይ ብትሉኝ፣ ሁልጊዜ ይችላል ብዬ አልዋሻችሁም። ያን ጊዜ የቻለው እጁ አንድ ሲሆን ነው፤ አንድነቱን የበጠሰችውም ትንሽ ቅናት ናት። እባካችሁ ልጆቼ፣ የጎረቤታችሁ ስም ሲወደስ ሆዳችሁን ቢፈጀው፣ ቦርከና ውስጥ የተኙትን መጆች አስታውሱልኝ።