ከክፍሉ አየር በታች የቀዘቀዘው ፕሮሰሰር

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ በዛርም በጥላም በሙት መንፈስም አላምንም፣ አሁንም አላምንም፣ ጓደኞቼ እንዲህ ያለ ወሬ ሲያወሩ «ሽቦ ላልቶ ይሆናል» እያልሁ የማበሽቃቸው እኔ ነኝ። የሕንፃ ንድፍ ሠሪ ነኝ፣ እንጀራዬ ቁጥርና መስመር ነው። ያየሁትን ግን አይቻለሁ፣ ማንንም ለማስደሰት ብዬ አላየሁም አልልም።

ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ውስጥ፣ ከእትዬ ዘይነባ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ክፍሏ ድሮ የባለቤታቸው የአቶ ሰይድ መሥሪያ ነበረች፣ ጀልባ ሠሪ ነበሩ፣ ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጀልባ ሊጠግኑ በጣና ሐይቅ ወደ ደቅ ደሴት ተሻግረው ሲመለሱ ማዕበል ያዛቸውና እስከ ዛሬ አስከሬናቸው አልተገኘም። ይኸን ስከራይ ነግረውኛል፣ እኔም «አላህ ይዘንላቸው» ብዬ ዕቃዬን አስገባሁ፣ አለቀ።

ኮምፒውተሬ ሥራ ሲበዛበት እየጋለ ይጠፋብኝ ነበር፣ ሰኞ ደግሞ የአንድ ጤና ጣቢያ ንድፍ ማስረከብ አለብኝ፣ ካላስረከብሁ ሥራው ለሌላ ሰው መሰጠቱ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አዲስ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ ይዤ መጣሁና ራሴ ገጠምሁት። ለማታውቁት፣ ፕሮሰሰር የኮምፒውተሩ አንጎል ነው፣ ማቀዝቀዣው ደግሞ አናቱ ላይ የሚቀመጥ ብረት ከነፋኑ ነው፣ ብረቱ ሙቀቱን ይስባል፣ ፋኑ ያበርደዋል።

ከፈትሁት፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሙቀት ዘጠና አምስት ዲግሪ ገባና ኮምፒውተሩ ጥፍት አለ። ግሽ አባይ ሰፈር ኮምፒውተር የሚጠግን ታደለ የሚባል ጓደኛ አለኝ፣ ደወልሁለት።

«ከሥሩ የተለጠፈውን ላስቲክ ልጠሻል?» አለኝ።

«የምን ላስቲክ?»

ሳቀብኝ። ብረቱን ፈትቼ ሳየው እውነትም ስስ ላስቲኩ እንደተለጠፈ ነው፣ እመኑኝ፣ ብቻዬን ሆኜ አፈርሁ። ላጥሁት፣ ሙቀት እንዲያስተላልፍ የቀባሁትን ፔስት ጠርጌ አዲስ ቀባሁ፣ ብሎኖቹን በካቻቢቴ አጠበቅሁና እንደገና አበራሁት።

ስልሳ፣ አርባ አምስት፣ ሠላሳ ሁለት። ደስ አለኝ። ከዚያ ሃያ አምስት ሆነ። ከዚያ አሥራ አራት ላይ ደርሶ ቆመ።

እዚህ ላይ አንዴ ስሙኝ፣ ፋን የሚያበርደው በክፍሉ አየር ነው፣ ከክፍሉ አየር በታች ማቀዝቀዝ አይችልም፣ ይኸ የእምነት ጉዳይ አይደለም። የዚያን ቀን ሙቀት ደግሞ የባሕር ዳር ሰው ያውቀዋል፣ ላቤ በጀርባዬ ይወርድ ነበር።

«ሙቀት መለኪያው ተበላሽቶ ነው፣ እስኪ ብረቱን በእጅሽ ንኪው» አለ ታደለ፣ መልሼ ብደውልለት።

ነካሁት። በረዶ ነው፣ ርጥብም ነው፣ ጣቴን ሳሸተው የሐይቅ ሽታ፣ ውኃ ውስጥ የከረመ የደንገል ሣር ሽታ አለው።

ድምፁም ያኔ ጀመረ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ ዝም። ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ ዝም። ገመድ ከፋኑ ጋር እየተጋጨ ነው ብዬ ገመዶቹን ሁሉ ወደ ጥግ ሰብስቤ አሰርኋቸው፣ አልቆመም። ጆሮዬን ሳስጠጋ መዶሻ እንጨት ሲመታ የሚሰማው ዓይነት ነው፣ ያውም ከሩቅ፣ ከውኃ ማዶ። እሽ፣ አጥፍቼ ልየው ብዬ እጄን ስዘረጋ መብራት ሄደ። የጎረቤት ቴሌቪዥን ዝም አለ፣ የኔም ስክሪን ጠፋ። ፋኑ ግን ይዞራል። ገመዱን ከሶኬቱ ነቀልሁት፣ ይዞራል።

እትዬ ዘይነባ ሳያንኳኩ ገቡ፣ ሻሻቸውን እንኳ በቅጡ አላሰሩም።

«ማነው የሚመታው?»

«ማንም የለም እትዬ፣ ፋኑ ነው።»

«ፋን እንዲህ አይመታም። ሰይድ የጀልባ ስንጥቅ ሲደፍን ሦስት ይመታና ያፈስ እንደሆነ ያዳምጣል፣ ሦስት ይመታና ያዳምጣል።» እጃቸውን ብረቱ ላይ አሳረፉ፣ ብዙ ቆይተው አነሡት። «ይኸ የዳር ውኃ ቅዝቃዜ አይደለም፣ የመካከሉ ነው። በይ ልጄ፣ ዕቃሽን አውጭ፣ ክፍሏን ልቀቂ፣ ላንች ብዬ ነው።»

አልዋሻችሁም፣ ፈርቼ ነበር፣ ግን ከፍርሃቴ ንዴቴ ባሰ። «እትዬ፣ እርስዎ ይቅር ይበሉኝ እንጅ አልለቅም፣ ሰኞ ሥራ አለብኝ!» አልሁና እርሳሴን አንሥቼ ፋኑ ውስጥ ሰካሁት። ቆመ። ምቱም ቆመ። ከዚያ አንድ ነገር እርሳሱን ከወዲያ በኩል ገፋው፣ ቀስ ብሎ፣ ልክ ሰው በጣቱ እንደሚገፋ፣ እኔም መልሼ ገፋሁት።

«አቶ ሰይድ ከሆኑ እንኳን ደህና መጡ፣ ሌላ ከሆንህ ግን ሥራዬን አታስፈታኝም!» ብዬ ጮህሁበት።

እርሳሱ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። እትዬ ዘይነባ አለቀሱ። መብራት መጣ።

ንድፉን እዚያው ወንበር ላይ ጨርሼ ሰኞ አስረከብሁ። ማክሰኞ ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ታደለ ዘንድ ወሰድሁት፣ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ዋለ፣ አርባ ዲግሪ፣ ኮሽ የሚል ነገር የለም። ታደለ «አንች ራስሽ እረፍት ያስፈልግሻል» አለኝ። ወደ ክፍሌ መልሼ ሰካሁት፣ አሥራ ሦስት።

እናቴ ጸበል ላከችልኝ፣ እትዬ ዘይነባ ቁርአን አስነበቡበት፣ ታደለ የድሮውን ማቀዝቀዣ መልሰሽ ግጠሚ ይለኛል። አልገጥምም። ሰው የሠራውን ብረት ፈርቼ ከቤቴ አልወጣም። እትዬ ዘይነባም ልቀቂ ማለታቸውን ትተዋል፣ ከሰዓት ከሰዓት በርጩማ ይዘው ይመጡና ጎኔ ተቀምጠው ያዳምጣሉ፣ ሦስቱ ምት ሲያበቃ አንዳንዴ በለሆሳስ «ደህና ነው፣ አያፈስም» ሲሉ እሰማቸዋለሁ፣ ያኔ ምቱ ለጥቂት ጊዜ ጋብ ይላል።

ቁጥሩ ግን በየሳምንቱ አንድ አንድ እየወረደ ነው። ይኸን ስጽፍላችሁ ሁለት ዲግሪ ነው፣ በቀትር ሹራብ ለብሻለሁ። ዜሮ ሲገባ ምን እንደሚመጣ አላውቅም። ትናንት እትዬ ዘይነባ «ዛሬ ቀረብ ብሎ ነው የሚመታው» አሉኝ፣ እኔም ሰምቼዋለሁ፣ ከግድግዳው ወዲህ፣ እዚሁ ክፍሉ ውስጥ ነበር። ከወንበሬ አልተነሣሁም።