የሰገነት ሽማግሌዎች

ገንዳ ውሃ ላይ ሽማግሌ የላከች የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ ሰገነት ሸጋው ናት ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን ማንም አላጣራም። እሷም ስትጠየቅ «የመጨረሻዋ ብቻ አልሁን» ትላለች እንጂ አታስተባብልም።

ነገሩ የሆነው በ2004 ዓ.ም. ነው። ሰገነት ከከተማው ኮሌጆች በአንዱ ለአካውንቲንግና ለማርኬቲንግ ተማሪዎች ዳታ ኮሙኒኬሽንና የኮምፒውተር ኔትወርክ ታስተምር ነበር። በየካቲት፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ጠመኔ ሳታነሳ ከኋላ ወንበር አብዱልሀኪም የሚባል የመተማ ዮሐንስ ነጋዴ እጁን አወጣ።

«መምህርት፣ እኛ የሰሊጥ ነጋዴዎች ነን። ኬብል ምን ያደርግልናል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሰገነት ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«የመተማ ዮሐንስ ወሬ ገንዳ ውሃ እስኪደርስ በስንት ሰው አፍ ያልፋል?»

«ኧረ አምስትም ስድስትም።»

«እውነቱስ ስንተኛው ሰው ላይ ይሞታል?»

አብዱልሀኪም በጣቱ መቁጠር ጀመረ። «እንግዲህ ትምህርታችን እሱ ነው፤ ደብተር አውጡ» አለች።

በሦስተኛው ሳምንት ኮምፒውተሮቹን አስነስታ ልታሳያቸው ስትል መብራት ጠፋ። ጀነሬተሩም አልነሳ አለ። ሊጠግን የተጠራው ደረበ ነበር፤ ከጎጃም መጥቶ በሽንፋ እርሻዎች የትራክተር መካኒክ የሆነ፣ ዘይት ከእጁ የማይለቅ ረጅም ወጣት። ጀነሬተሩን አስነሳና ከመሄድ ይልቅ ከበሩ ላይ ቆሞ ያዳምጥ ጀመር።

«ጨረሱ አይደል?» አለችው ሰገነት።

«እኔስ ጨርሻለሁ፤ እርስዎ ነዎት ያልጨረሱት። ተቀባዩ ‹ደርሶኛል› ብሎ ካልመለሰ ላኪው ምን ያደርጋል?»

«ትንሽ ይጠብቃል። ከዚያ እንደገና ይልካል።»

«ኩራት የለውም?»

«የለውም። የሚኮራ ላኪ ኔትወርክ አይሠራም።»

ደረበ ፈገግ አለ። ሰገነት ጥቁር ሰሌዳው ላይ ልትጽፍ ዞረችና የምትጽፈው ጠፋት። ከዚያ ወዲህ ጀነሬተሩ በየሳምንቱ ይታመም ጀመር። የሕመሙን ምክንያት ያወቁት የኮሌጁ ዘበኛ ጋሽ ጀምበሩ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

በግንቦት ደረበ ወደ አባቷ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ በወጉ መሠረት አንቀመጥም ብለው ቆመው ለመኑ፤ የሚቀመጡት እሺ ሲባሉ ነው። የሰገነት አባት አቶ ሸጋው የሰሊጥ ገበሬ ናቸው። ልባቸው ያለው አንድ የጎንደር ባለሀብት ለልጁ ባቀረበው ጥያቄ ላይ ስለነበር «መክረን ቀኑን እናሳውቃችሁ» ብለው እንደቆሙ ሸኟቸው። መልስ እስኪመጣ ጠያቂው ድምፁን አጥፍቶ መጠበቅ አለበትና ደረበ የዘር ወቅት ሲደርስ ትራክተሮቹን ተከትሎ ከሽንፋ ማዶ፣ ወደ ሱዳን ድንበር ጠጋ ብሎ ገባ።

ሰገነት አባቷን ወር ሙሉ ጨቀጨቀች። በመጨረሻ አንድ ቀን በሰኔ «በይ፣ ለእሁድ ብለሽ ላኪበት። የስልክ አዋቂ አንቺው አይደለሽ!» አሏት። ወዲያው ጻፈች፦ «አባቴ ለእሁድ ቀጥሯል። ሽማግሌዎቹን ይዘህ ና።» ስልኩ «ተልኳል» አለ። ያን ቀን ያገኘችውን ሁሉ ስታቅፍ ዋለች።

እሁድ ጎረቤት ተጠራ፤ ጾም ስለሆነ በግ ባይታረድም ጠላው ተጠምቆ፣ የጾሙ ወጥ ተሠርቶ ተጠበቀ። የመጣ ሰው የለም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጎረቤቶቹ እርስ በርስ እየተያዩ አንድ በአንድ ወጡ።

«ደጄን አስከፍቶ ቀረ!» አሉ አቶ ሸጋው። «ከዛሬ ወዲያ ስሙ በዚህ ቤት አይነሳ። ለጎንደሩ ልጅ እሺ እላለሁ።»

ሰገነት አለቀሰች። ስልኳን አነሳችና መልሳ አስቀመጠች። መደወል ያለበት እሱ ነው አለች በልቧ።

ረቡዕ ለፈተና ክለሳ ስታደርግ ያው አብዱልሀኪም እጁን አወጣ። «መምህርት፣ ስልኬ ‹ተልኳል› ሲለኝ ደረሰ ማለት ነው?»

«አይደለም። ከእኔ ወጣ ማለት ነው እንጂ...» ጠመኔውን አስቀመጠች። «አብዱልሀኪም፣ ከሽንፋ ማዶ እርሻዎቹ ላይ የማን ኔትወርክ ነው የሚሠራው?»

«የሱዳን ነዋ! እዚያ ስንሄድ የኛን ሲም አውጥተን ኪሳችን እንከታለን፤ የሱዳኑን እንጨምራለን። ይሄን የማያውቅ አለ?»

እሷም ታውቃለች። አራት ወር ስትለፈልፍ የከረመችውን ራሷ ሳታደርገው ቀርታ፣ ኮርታ ተቀምጣለች። የሱዳን ቁጥሩ እጇ የለም። በራሷ ተናደደች፤ ከራሷም አልፋ ጠያቂውን ዝም በል በሚለው ወግ ተናደደች። ክፍሉን አሰናብታ በቀጥታ ወደ ኮሌጁ በር ሄደች። ጋሽ ጀምበሩ ከሻይ ሻጯ ከመጂዳ ጋር ተቀምጠው ነበር።

«ጋሽ ጀምበሩ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ።»

«ለማን ልጄ?»

«ለእኔ። መጀመሪያ ወደ ደረበ ይሂዱ። እሺ ካለ እሱን ይዘው ወደ አባቴ ይምጡ።»

«ሴት ልጅ ሽማግሌ ትልካለች እንዴ?»

«ትልካለች። ዛሬ ጀመረች።»

«ወላሂ እኔም እሄዳለሁ!» አለች መጂዳ፣ ብርጭቆዎቿን እየሰበሰበች። ከክፍል ተከትሏት የመጣው አብዱልሀኪም ሦስተኛ ሆነ። የሽንፋን መንገድ አውቀዋለሁ ሲል አፉ ከጆሮው ሊገናኝ ምንም አልቀረውም።

ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ አንድ ትራክተር የአቶ ሸጋውን ደጅ አንቀጠቀጠ። ሦስቱ ሽማግሌዎችና ደረበ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ወጉ ሰገነትን ጓዳ ግቢ ይላታል። እሷ ግን ነጠላዋን አጥብቃ ከአባቷ ጎን ቆመች።

«ቀጠሮዬን በልተህ ደግሞ ትመጣለህ?» አሉ አቶ ሸጋው።

«ጋሽ ሸጋው፣ ቀጠሮው አልደረሰኝም። እነሱ ናቸው የነገሩኝ።» ደረበ ከኪሱ በላስቲክ የጠቀለለውን ሲም አውጥቶ ስልኩ ውስጥ ከተተ። ሁሉም አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። ስልኩ ጮኸ። የእሁዱ መልእክት ገና አሁን ገባ። አቶ ሸጋው ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ቃል በቃል አነበቡት።

«ይሁን። ይሄስ ያንተ ጥፋት አይደለም። ግን ልጄ ወንድ ላይ ሽማግሌ ላከች ሲባል፣ በየትኛው ፊቴ ነው ከሰው መሀል የምቆመው?»

«እኔ አጠገብዎ እቆማለሁ፣ አባባ» አለች ሰገነት። «ዛሬ እምቢ ካሉ ሽማግሌዎቹ ነገ ይመለሳሉ። ነገ እምቢ ካሉ ከነገ ወዲያ። የጎንደሩን ልጅ አላገባም።»

አቶ ሸጋው ወደ ጋሽ ጀምበሩ ዞሩ። «እውነቷን ነው?»

«እኔ አራት ወር ከክፍሏ መስኮት ሥር ተቀምጫለሁ። መልስ እስኪመጣ ትልካለች። ይቺ ልጅ እንዲያ ነው የምታስተምረው።»

አቶ ሸጋው ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤት ገቡ። መጂዳ «ኸላስ፣ አለቀ» አለች በሹክሹክታ። ደረበ ሰገነትን አያት፤ እሷም አየችው፤ ሁለቱም ዓይናቸውን አልመለሱም።

በሩ ተከፈተ። አቶ ሸጋው ረጅሙን አግዳሚ ወንበር ራሳቸው ተሸክመው ወጡና ዝናብ የማይነካው ጣራ ሥር አስቀመጡት።

«ተቀመጡ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ደረበ ብቻ ቆሞ ቀረ፤ ጭቃ በነካው አውራ ጣቱ ስልኩ ላይ የሆነ ነገር ይጽፋል። በእሱና በሰገነት መሀል ሦስት እርምጃ ብቻ ነው ያለው። የሰገነት ስልክ መዳፏ ውስጥ ነዘረ።

«ደርሶኛል» ይላል።