ሃያ አንድ ቀን አረንጓዴ

ሽማግሌው አናጺ አልጋቸው ላይ ሞተው ሲገኙ፣ ራስጌያቸው የቆመው ታብሌት አረንጓዴ እያበራ «ደህና ነዎት» ይል ነበር። ምን ደህንነት አለ! የደም ግፊት ነው የገደላቸው። ይኼ ጉደኛ ማሽን ግን ሃያ አንድ ቀን ሙሉ አንዴም ቀይ አላሳየም።

ጉዳዩን የምታጣራው መርማሪ በማግስቱ ጠዋት መጣች። ቁመቷ አጭር፣ ትዕግሥቷ ደግሞ ከቁመቷ ያጠረ ሴት ናት። ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰዎች ጠበቋት፦ ሽማግሌውን ስታስታምም የከረመችው ቀጭኗ ልጃቸው፣ እንደ አባቱ አናጺ የሆነው ወንድሟ፣ ከጤና ጣቢያ ሆና በስክሪን የምትከታተላቸው ነርስ። ነርሷ ይህን ደጃፍ ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። ጥፋተኛ ከተባለች የሥራ ፈቃዷ ዛሬውኑ ይነጠቃል።

«እሷ ናት!» አለች ልጅቱ ጣቷን ቀስራ። «እዚያ ሆና ታያለች ተብለን!»

«ያየሁት አረንጓዴ ነው!» አለች ነርሷ። «በፊት በየቀኑ ቀይ ነበር። ሰው ሄዶ ይያቸው ብዬ ለአለቆቼ ሦስቴ ጻፍኩ፤ መልስ የለም። ከዚያ በድንገት አረንጓዴ ሆነ፤ እፎይ አልኩ።»

«መድኃኒት ተቀይሮላቸው ነበር?» አለች መርማሪዋ።

«ኧረ አልተቀየረም» አለች ነርሷ።

ወንድምየው ማሽኑን በጎሪጥ አየው። «ዕቃው ነዋ የተበላሸው! ቀይ ሲሆን እኮ ያብዳል፤ በየሩብ ሰዓቱ ይደውላል። ስታነሺው አንድን ተጫን፣ ሁለትን ተጫን... ሰው የሚባል የለበትም። እኔ ቀን ሥራ ላይ ነኝ፤ መከራውን ያየችው እህቴ ናት።»

«ዕቃው ተፈትሿል፤ ደህና ነው።» መርማሪዋ ክንድ ላይ የሚታሰረውን የግፊት መለኪያ ጨርቅ አንስታ አገላበጠችው። ከዚያ ሰዓቷን አየችና ሁሉንም አልጋው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

ልክ አራት ሰዓት ሲሆን ታብሌቱ ጮኸ። «አባት፣ የመለኪያ ሰዓትዎ ደርሷል።»

ልጅቱ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰብስባ እጇን ወደ ጨርቁ ዘረጋች። ከዚያ ያደረገችው ገባትና ደርቃ ቀረች።

«እሰሪው» አለች መርማሪዋ። «ጨርቁ ላይ ሁለት የማሰሪያ ምልክት አለ። አሮጌው ጫፉ ላይ ነው፤ የአባትሽ ክንድ ወፍራም ነበር። አዲሱ ግን ብዙ ገባ ብሏል፤ የቀጭን ሰው ነው። የወንድምሽ ክንድ የአባቱን ያክላል። ነርሷ እዚህ ቤት ገብታ አታውቅም። ማን ቀረ?»

ልጅቱ አሰረችው። ጨርቁ ክንዷን እያጠበቀ ይነፋ ጀመር።

«በዚያ አንድን ተጫን በሚለው መስመር አርባ ጊዜ ደወልኩ» አለች ልጅቱ። «ሰው ላኩልኝ ብዬ ለመንኩ። አንድ ቀን ንዴት ሲያንቀኝ በራሴ ክንድ ላይ አሰርኩት። ማሽኑ አረንጓዴ ሆኖ ዝም አለ። በቃ ዝም አለ! አባባም ተኛ። ነገ የሱን እለካለሁ፣ ነገ እያልኩ... እኔ ነኝ የገደልኩት?»

«የላክሽውንም የሐሰት ልኬት፣ የደወልሽውንም አርባ ጥሪ እጽፋለሁ። አንዱን ብቻ አልጽፍም።» አለች መርማሪዋ። «ነርሷ ግን ነፃ ናት።»

ታብሌቱ ቀይ አበራ። «አባት፣ ግፊትዎ በጣም ከፍ ብሏል። እባክዎ መስመር ላይ ይጠብቁ።» ሙዚቃ ጀመረ። ጠበቁ፤ ማንም አልመጣም።

ነርሷ ተነሳች። ታብሌቱን ነቅላ ጨርቁን ፈታችና የልጅቱን የእጅ አንጓ በጣቶቿ ያዘች።

«አይዞሽ፤ እኔ አለሁ» አለቻት።